የወባ መከላከል ታሪክ በጣና ዙሪያ፦ የድርጅት መዋቅርና ትምህርት

ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን የተንጣለለው የደምቢያ ሜዳ በእህል ምርቱ የታወቀውን ያህል በወባም ይታወቃል። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ንዳድ እንደሚበረታ የአካባቢው ገበሬ ከማንም ቀድሞ ያውቃል። እንዲህ ያለው ዕውቀት ወደ ጤና ተቋማት ገብቶ ለሥራ የሚውለው ግን በተቋሙ ውስጥ ማን ለማን መናገር፣ ማንስ ማንን መስማት እንደሚችል ታይቶ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕይወት ቀጠፈ። በቀጣዩ ዓመት ለተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም አንዱ መነሻ ሆነ። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በየሙያቸው ካስተማረ በኋላ በአንድ ቡድን አደራጅቶ ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልካቸው ነበር። የጤና መኮንኑ ያከመውን ሕመምተኛ ነርሷ በቤቱ ትጎበኘዋለች፤ የአካባቢ ጤና ባለሙያው ደግሞ ውኃውንና ግቢውን ይመለከታል። የአንዱ ሥራ ያለ ሌላው ወሬ ስለማይሟላ መማማሩ ከሥራው ጋር ተያይዞ ይመጣ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1958 ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው የአገሪቱ ቦታዎች የተስፋፋው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንዳሳመመና 150,000 ያህሉን እንደገደለ ተገምቷል። የጣና ዳርቻ ከፍታ 1,800 ሜትር ገደማ በመሆኑ ባሕር ዳርም በዚሁ ወሰን ውስጥ ትገኛለች። በዓመቱ የተቋቋመው የወባ ማጥፊያ ድርጅት የራሱ እዝ፣ የራሱ ላቦራቶሪና የራሱ ዲዲቲ ረጪዎች ነበሩት። ይህ አደረጃጀት ጥልቅ ልምድ አካበተ፤ ይሁን እንጂ ልምዱ በድርጅቱ መሰላል ሽቅብና ቁልቁል ሲመላለስ ለጎረቤቱ ክሊኒክ ብዙም አልተረፈም። እ.ኤ.አ. ከ1993 በኋላ ሥራው ወደ ክልሎች ሲወርድ በሰዎች እጅ የነበረው ልምድ ከሰዎቹ ጋር ተበታተነ። እ.ኤ.አ. በ2003 ወረርሽኝ የአማራ ክልልን ደጋማ ወረዳዎች ጭምር ሲመታ የ1958ቱን ያዩ ባለሙያዎች አብዛኞቹ ከሥራው ርቀው ነበር።

መዋቅር ብቻውን ግን አይበቃም። ታናሽ በታላቅ ፊት አንደበቱን በሚሰበስብበት ማኅበረሰብ ድሬሰሩ ያየውን ለሐኪሙ ለመናገር ይፈራል፤ ሐኪሙም ካልጠየቀ ሳያውቅ ይቀራል። በቡድን መሠልጠን ያስገኘው ትልቁ ጥቅም ይህን ፍርሃት አስቀድሞ ማቅለሉ ነው።

ዛሬም ከሐይቁ ዳር ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የምትልከው የወባ ቁጥር በወረዳና በዞን አልፎ ባሕር ዳር ይደርሳል። ቁጥሩ ምን እንደሚያመለክት የሚነግራት መልስ ወደ ቀበሌዋ ካልተመለሰ፣ ድርጅቱ ሕሙማንን ቆጠረ እንጂ ተማረ ማለት አይቻልም።