ምድጃና ከተማ

ሊቃውንት ሥጋችን ከአራቱ ባሕርያት፣ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት ተፈጠረ ብለው ያስተምራሉ፤ የደጋ ሰውም ጎጆውን ሲቀልስ ይህን ትምህርት በቤቱ ሊደግመው የፈለገ ይመስል፣ አፈሩን በውሃ አቡክቶ ከጭድ ጋር ረግጦ ግድግዳውን ይመርግና፣ ነፋሱን በዚያ ከከለከለ በኋላ ከመካከሉ ሦስት ጉልቻ ጎልቶ እሳትን ያነግሥበታል። ከጋጣው የሚመጣው የከብት ትንፋሽ፣ ከላይ የሚደረበው ጋቢና ቡልኮ ረዳቶች ናቸው እንጂ የቤቱ ሙቀት ምንጩ ያ ምድጃ ነበር።

ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ እንዲህ ያለውን ቤት ጎንበስ ብሎ ገብቶ፣ ዓይኑ እየነደደና እንባው እየወረደ፣ ባለቤቱ ስለ ምን የጢስ መውጫ እንዳላበጀ ይደነቅ ይሆናል። ነገር ግን ጢሱ ቀስ እያለ በክዳኑ ሣር መካከል እየሾለከ ሲወጣ ማገሩንና ወራጁን በጥቀርሻ እየቀባ ከምስጥና ከነቀዝ ይጠብቀው፣ ሣሩንም እያደረቀ ከመበስበስ ያድነው ስለ ነበር፣ ምድጃው ሰውን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም ያድስ ነበር ማለት ይቻላል። ባለቤቱ ርቆ ሄዶ እሳት ሳይነድበት አንድ ሁለት ክረምት ያለፈበትን ጎጆ ያየ ሰው፣ ክዳኑ እንዴት ጠቁሮና ሻግቶ እንደሚፈርስ ያውቃል። በዓይን ሕመምና በሳል የሚከፈለው ዋጋ ቀላል ባይሆንም (ይህንንም ዋጋ ይልቁን የሚከፍሉት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ)፣ አበው ያለ ምክንያት ጢሱን አልታገሡትም።

እሳቱ ራሱ ጠባቂ ይፈልግ ነበር። ክብሪት ባልተለመደበት ዘመን ማታ ራት ከተበላ በኋላ የቤቱ እመቤት ያልነደደውን ጉማጅ ወደ ዳር ስባ፣ ፍሙን በመካከል ሰብስባ አመድ ታለብሰዋለች፤ ይህም መዳፈን ይባላል። እኔ በሕፃንነቴ በመደቡ ላይ ተጠቅልዬ ይህን ሥራ እያየሁ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር፤ እጇን ከአመዱ በላይ ዘርግታ ሙቀቱን ለክታ፣ የበዛ ሲመስላት አንድ እፍኝ አመድ ትጨምራለች፤ ያነሰ ሲመስላት በእንጨት ጫፍ ገለጥ ታደርገዋለች። ሲነጋ ጭራሮ ጣል አድርጋ እፍ ስትልበት ረመጡ ይነቃል። ጠፍቶ ያደረ እንደ ሆነ ግን ልጅ ገል ወይም ደረቅ ኩበት ይዞ ከጎረቤት እሳት ሊጭር ይላካል፤ የጫረው ፍም በመንገድ እንዳይጠፋበትም ሳይቀመጥ ይሮጣል። ገብቶ ወዲያው የሚወጣ እንግዳ «እሳት ልትጭር ነው የመጣኸው?» ተብሎ የሚወቀሰው ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ ሥርዓት ሳር ቤቶች ተራርቀው ለሚቀመጡበት መንደር የሚበቃ ሲሆን፣ ሺሕ ምድጃ ባንድ ኮረብታ ላይ ሲነድ ግን ዱሩ አይችለውም። ከቀደሙት ነገሥታት የብዙዎቹ ከተማ የድንኳን ከተማ በመሆኑ፣ እንጨቱ ሲያልቅ ሰፈራቸውን ነቅለው ዱር ወዳለበት ይሻገሩ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከ3000 ሜትር በላይ በሆነው በእንጦጦ ራስ ላይ በከተሙ ጊዜ፣ ቦታው ለጠላት የማይደፈር ቢሆንም ቍሩ የጸና፣ ዙሪያውም ቶሎ የሚራቆት ሆነ። እቴጌ ጣይቱ ብጡል ከተራራው ሥር የሚፈላውን ፍልውሃ ወድደው በ1879 ዓ.ም. በአጠገቡ ቤት አሠሩና ቦታውን አዲስ አበባ አሉት። የዚህች ከተማ ልደት ሲተረክ አበባው ይነሣል፤ ብርዱ ይረሳል። እኔ ግን ከፍልውሃው ሙቀትና ከእንጦጦ ውርጭ ልዩነት የተነሣ የተወለደች ከተማ ናት ብል ዋሸህ የሚለኝ አይመስለኝም።

ችግሩ ግን ከተራራው ተከትሎ ወረደ። 15 ዓመት ሳይሞላ በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ጥድና ወይራ ለቤት ሥራና ለማገዶ ተቆርጦ ስላለቀ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ግንባታ አስጀመሩ። አዲስ አበባን በቦታዋ ያጸናት በ1880ዎቹ ዓ.ም. የገባው የአውስትራልያ ዛፍ ነው፤ ሕዝቡ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ዐውቆ ባሕር ዛፍ አለው። በጥቂት ዓመት ለማገዶ ይደርሳል፤ ቢቆርጡት ከጉቶው ደግሞ ያቈጠቍጣል፤ የወደቀው ቅጠል እንኳ ተጠርጎ ከምጣድ ሥር ይገባል። ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሣር አያበቅልም እየተባለ ሲታማ እስከ ዛሬ ቢኖርም፣ ያለ እርሱ መናገሻው ተነቅሎ ሄዶ ነበር። በአዲስ ዓለምም ለቤተ መንግሥት የታሰበው ስፍራ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ።

ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ፣ ቀድሞ በግመልና በበቅሎ ጀርባ ይመጣ የነበረው ቆርቆሮ በፉርጎ ይራገፍ ጀመር። ቆርቆሮ የእሳት ቃጠሎን የማይፈራ፣ በየጊዜው ልክደነው የማይባል ጣሪያ ነውና ሕዝቡ በደስታ ተቀበለው፤ ይሁን እንጂ ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፣ ሌሊት እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ጢስ ስለማይጠቅመው ምድጃው ወደ ጓሮ ተሰዶ ማድቤት ተሠራለት፤ ዋናው ቤት ያለ እሳት ቀረ። ያን ጊዜ ሰው ከጣሪያው ሥር አቡጀዲ ወጥሮ ኮርኒስ አበጀ፤ በጭቃው ስንጥቅ የሚገባውን ነፋስ ለመከልከልም ዱቄት በጥብጦ በግድግዳው ላይ ጋዜጣ ለጠፈ። ስንት ልጅ ተኝቶ እያነበበ ፊደል እንዳጠና፣ የተገለበጠውንም ለማንበብ ስንት አንገት እንደተጠማዘዘ እግዚአብሔር ይወቅ።

በተሰደደው ምድጃ ፈንታ ወደ ሳሎን የገባው ማንደጃ ነው። መጀመሪያ ከሸክላ፣ ኋላም ከብረት ተሠራ፤ በ1980ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ የብረቱን ሆድ በሸክላ ለብጠው፣ በጥቂት ከሰል ብዙ እንዲያሞቅ አድርገው ላቀች የተባለውን አወጡ። ሸክላው ሲሰነጠቅ አውጥቶ ሌላ ማስገባት እንጂ ጠቅላላውን መጣል አያስፈልግም። ነገር ግን ከሰል ከእንጨት የሚለየው ጢሱን ከደጅ ትቶ መምጣቱ ብቻ ነው፤ ሽታና መልክ የሌለው መርዙ አብሮት ይገባል፤ ክዳኑ በሚተነፍሰው በሣር ቤት ያልነበረ አደጋም መስኮትና በሩ በሚገጥም በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ይደርሳል። ዓይን ስለማያቃጥል ማንም አይጠነቀቀውም፤ ራስ ምታቱን ሰው የድካም እየመሰለው ይተኛል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በታኅሣሥ ሌሊት ቡናው ተጠጥቶ እንግዳው ሲሰናበት፣ ፍሙ አመድ ለብሶ የጠፋ ቢመስልህም ማንደጃውን ወደ ደጅ አውጣው፤ የቀረውን ሌሊት በጋቢ እደር።