የዛሬ እንጀራ ወይስ የነገ?

ወርቃ ውስጥ «የዕለት እንጀራችንን» ብሎ የጸለየ ሰው ቤቱ ሲገባ የሚቀርብለት ብዙ ጊዜ ቆጮ ነው። ይህ ማንንም አያስቸግርም። በአማርኛ እንጀራ ማለት ምግብ ብቻ አይደለም፤ ኑሮም ነው፣ ሥራም ነው። «እንጀራ ፍለጋ ወጣ» ሲባል ጤፍ ሊገዛ ሄደ ብሎ የሚረዳ የለም። አስቸጋሪው ቃል ከእንጀራ በፊት ያለው ነው፦ «የዕለት» የሚለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንጌሉ በተጻፈበት በግሪክኛ እዚህ ቦታ ላይ ያለው ቃል «ኤፒኡሲዮስ» ይባላል። በአዲስ ኪዳን ሁለት ቦታ ብቻ ይገኛል፤ ማቴዎስ 6፥11 እና ሉቃስ 11፥3። ሁለቱም ያው አባታችን ሆይ ነው። ዲዳኬ በሚባለው የጥንት ክርስቲያኖች መመሪያ ውስጥም አለ፤ እዚያም የገባው ይኸው ጸሎት ስለተጻፈ ነው። ታዲያ ሌላ ቦታ ከሌለ ትርጉሙን በምን እናመሳክረው?

ለእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ3ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የእስክንድርያው ኦሪጀን፣ በግሪክኛ ያደገና የተማረ ሰው፣ ቃሉን ሊቃውንቱም እንደማይጽፉት፣ ተራው ሕዝብም እንደማይናገረው፣ ወንጌላውያኑ ራሳቸው የፈጠሩት እንደሚመስል ጽፏል። በ1889 እ.ኤ.አ. አንድ ተስፋ ብቅ ብሎ ነበር። ግብፅ ውስጥ በተገኘ ፓፒረስ ላይ፣ በወጪ ዝርዝር መሐል ቃሉ ተነበበ ተባለ። ሊቃውንቱ «የዕለት ቀለብ ማለት ነው፣ በቃ ተፈታ» አሉ። ከዚያ ፓፒረሱ ጠፋ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ አሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲገኝ፣ እንደገና ያነበቡት ሰዎች ቃሉ ጭራሽ እሱ እንዳልሆነ አሳዩ። የተጻፈው «ዘይት» ነበር።

እንግዲህ የቀረው ቃሉን መሰንጠቅ ነው። አንዱ መንገድ «ኡሲያ» ከሚለው ያመጣዋል፤ ህላዌ፣ ባሕርይ ማለት ነው። በዚህ ከሄድን ለመኖር የሚያስፈልግ እንጀራ፣ ወይም ከሥጋ ምግብ በላይ የሆነ እንጀራ ይሆናል። ሌላው መንገድ «መምጣት» ከሚል ግስ ያመጣዋል። የሐዋርያት ሥራ ውስጥ «በማግሥቱ» ለማለት የገባው ቃል ከዚሁ ግስ ነው። በዚህ ከሄድን ደግሞ የሚመጣው ቀን እንጀራ፣ የነገ እንጀራ ይሆናል።

ተርጓሚዎቹም ተለያዩ። የሶርያው ፔሺታ «የሚያስፈልገን» አለ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወንጌላቱን በላቲን ያሰናዳው ጄሮም አንዱን ቃል ሉቃስ ላይ «የየዕለቱ»፣ ማቴዎስ ላይ «ከባሕርይ በላይ የሆነ» አለው። እሱው ራሱ ደግሞ የዕብራውያን ወንጌል በሚባል መጽሐፍ ውስጥ በዚህ ቦታ «ማሐር» የሚል ቃል ማግኘቱን ጽፏል። ማሐር ነገ ማለት ነው። የእኛው ግዕዝ «ዘለለ ዕለትነ» ብሎ የየቀኑን መረጠ፤ አማርኛውም «የዕለት» ብሎ ተከተለ። በአፋችን የቀረውም ይኸው ነው።

የነገ ነው ካልን ግን ጥያቄ ይነሳል። እዚያው ምዕራፍ ውስጥ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ስለ ነገ አትጨነቁ ይላል። ታዲያ የነገን እንጀራ ዛሬ መለመን ምን ይሉታል?

መልሱን ለመገመት ወርቃ ያለ ሰው ጓሮውን ቢያይ ይበቃዋል። ከዲላ ወደ ደቡብ፣ ይርጋ ጨፌን አልፎ በገደብ በኩል ያለው አገር የእንሰትና የቡና አገር ነው። ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና። ይህ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። እንሰት ግን የዕለት ምግብ አይደለም። ተተክሎ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ከተቆረጠ በኋላ ይፋቃል፣ በቅጠሉ ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ይብላላል፣ ለወራትም ይቀመጣል። ዛሬ የተበላው ቆጮ የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ አንድ ሰው የተከለው ሊሆን ይችላል። ቡናውም የሚሸጠው በዓመት አንዴ ነው። እዚህ አገር የነገ እንጀራ ጓሮ ውስጥ ቆሞ ይታያል። ስለ ነገ ሳይጨነቁ መተኛት የሚቻለውም እሱ ስላለ ነው።

ከዚያ 2010 ዓ.ም. መጣ። በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በተነሳው ግጭት ከሁለቱም ወገን ሰው ተፈናቀለ፤ የጌዴኦዎቹ ቁጥር ብቻ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነበር። በ2011 ደግሞ ገደብ ወረዳ ጎቲቲ የተጠለሉ ሰዎች የረሃብ ዜና አገር ሰማ። እርዳታ መጣ። እርዳታ የዛሬ እንጀራ ነው፤ ነፍስ ያተርፋል፣ ማንም ሊንቀው አይገባም። ግን ጥሎ የሸሸው ሰው ያጣው ምሳውን ብቻ አልነበረም። የደረሰውን እንሰት፣ ሊደርስ ሁለት ዓመት የቀረውን፣ ባለፈው ክረምት የተከለውንም ነው ያጣው። ቤት በአንድ ክረምት ሊሠራ ይችላል። የእንሰት ጓሮ ግን አይቸኩልም።

ለዚህ ነው «የዕለት» የሚለው ትርጉም ስህተት ባይሆንም ግማሽ የሚመስለኝ። ቃሉን የፈጠረው ማንም ይሁን ማን፣ ዛሬ የሚበላንና ነገ የሚያስተኛንን በአንድ ቃል ለመያዝ የፈለገ ይመስላል። ግሪክኛ ለዚያ የተዘጋጀ ቃል አልነበረውም። እኛም የለንም። መጠለያ ውስጥ ተኝቶ ጥሎት የመጣውን ጓሮ በሐሳቡ የሚቆጥር ሰው ግን ምን ለማለት እንደተፈለገ ሳይገባው አይቀርም።