ባዮቲን የፀጉር ቫይታሚን የተባለው እንዴት ነው?

በጥቅምት ወር ስብሰባችን፣ ቶናው እየተቀዳ ሳለ፣ አንዲት እህታችን ከቦርሳዋ ጠርሙስ አወጣች። ልጇ ከአሜሪካ የላከችላት የባዮቲን ክኒን ነበር። ጠርሙሱ እጅ በእጅ ዞረ፤ አንዳንዶቻችን አሸተትነው፣ አንዳንዶቻችን ዋጋውን ጠየቅን። ዕድሜያቸው ስልሳን ያለፈ አንዲት እናታችን ግን ነጠላቸውን ከአናታቸው ገፋ አድርገው፣ “እናቴም አክስቴም ፀጉራቸው እንዲህ ሳስቶ ነው ያረፉት። የእኔም በዘር የመጣ ነው። ይህ ክኒን የዘርን ነገር ይመልሳል?” ብለው ጠየቁን። ማናችንም መልስ አልነበረንም። ከመካከላችን ለእንዲህ ያለ ክኒን ከእቁብ ገንዘባቸው ያወጡ ስላሉ ነገሩን በዋዛ ማለፍ አልቻልንም። ታሪኩን ፈልገን አነበብን፤ ያገኘነውን እነሆ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከእንቁላል ነው። በ1927 ማርጋሬት አቨሪል ቦአስ የተባለች ተመራማሪ ለንደን በሚገኘው ሊስተር ኢንስቲትዩት ውስጥ አይጦችን የደረቀ ጥሬ የእንቁላል ነጭ ትመግብ ነበር። አይጦቹ ቆዳቸው ቆሰለ፣ ፀጉራቸውም ረገፈ። አንዳንድ ሌሎች ምግቦች ሲጨመሩላቸው ግን ይድኑ ነበር። በኋላ የሃንጋሪው ተወላጅ ሐኪም ፓውል ጊዮርጊ ያንን የሚያድን ነገር “ቫይታሚን ኤች” ብሎ ሰየመው። ኤች የተባለው ፀጉርና ቆዳ በጀርመንኛ “ሃር” እና “ሃውት” ስለሚባሉና ሁለቱም በዚያ ፊደል ስለሚጀምሩ ነው። ይኸው ቫይታሚን ዛሬ ባዮቲን የምንለው ነው። በ1936 ተነጥሎ የወጣው ደግሞ ከእንቁላል አስኳል ነበር። ጥሬው ነጭ አቪዲን የተባለ ፕሮቲን አለው፤ አቪዲን ባዮቲንን አንቆ ይይዝና ሰውነት እንዳያገኘው ያደርጋል። ሲበስል ግን ኃይሉ ይጠፋል። በነጩ የተከለከለውን ያው እንቁላል በአስኳሉ ይዞት ነበር ማለት ነው፤ እንቁላል ቀቅለው ሲያበሉን የኖሩት እናቶቻችን ሳያውቁት ልክ ነበሩ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የአይጦቹ ፀጉር የተመለሰው የጎደላቸው ስለተሞላላቸው ነው። በሰው ላይ ይህ ጉድለት የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው፤ ባዮቲን በአስኳል፣ በጉበት፣ በለውዝና በሌሎችም ብዙ ምግቦች ይገኛልና። ያልጎደለው ሰው ቢጨምርበት ፀጉር ያበቅልለታል የሚያሰኝ ነገር ከአይጦቹ አልተገኘም። ስሙ ግን ለገበያ የተመቸ ነበር።

በዘር የሚመጣው የፀጉር መሳሳት ታሪክ በሌላ መንገድ ነው የሄደው። ሂፖክራተስ የሚባለው የጥንት ግሪክ ሐኪም ጃንደረቦች ራሰ በራ እንደማይሆኑ ታዝቦ ነበር። ምክንያቱን ለማግኘት ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ፈጀ። በ1942 አሜሪካዊው ጄምስ ሃሚልተን ለአቅመ አዳም ሳይደርሱ የተሰለቡ ወንዶችን መርምሮ፣ ቤተሰባቸው ራሰ በራ ቢሆን እንኳ የእነሱ ፀጉር እንዳልሸሸ ጻፈ። የወንድ ሆርሞን ሲሰጣቸው ግን ራሰ በራ ከሚበዛበት ቤተሰብ የተወለዱት መመለጥ ጀመሩ። ሆርሞኑ ሲቋረጥ መመለጡ ቆመ፤ የሄደው ፀጉር ግን አልተመለሰም። ዘርና ሆርሞን አንድ ላይ ሲገናኙ ነው ነገሩ የሚሆነው፤ የምግብ ጉድለት በዚህ ውስጥ አልነበረበትም። የባዮቲን ኬሚካላዊ አሠራር ተፈትቶ የታወቀውም በዚያው በ1942 መሆኑ ያስገርማል። ሁለቱ መልሶች በአንድ ዓመት ወጡ፤ የተመለሱት ጥያቄዎች ግን የተለያዩ ነበሩ።

የሴቶቹ ጉዳይ እንደ ልማዱ ዘግይቶ ነው የተነሣው። ኤሪክ ሉድቪግ የተባለ ጀርመናዊ የቆዳ ሐኪም በ1977 የሴቶችን መሳሳት በደረጃ ከፈለው፤ የግንባሩ መስመር እንዳለ ሆኖ አናቱ ላይ ይሳሳል። እናታችን ነጠላቸውን ገፋ አድርገው ያሳዩን ይህንኑ ነበር። በሴቶች ላይ የሆርሞኑ ድርሻ እንደ ወንዶቹ ጥርት ብሎ አልታወቀም። በአሜሪካ ለሴቶች የተፈቀደው መድኃኒት፣ ማለትም በ1991 የወጣው የሚቀባው ሚኖክሲዲል፣ መጀመሪያ ለደም ግፊት የተሠራ ነበር፤ የዋጡት ሰዎች ፊታቸው ሳይቀር ፀጉር ሲያበቅል ነው ለዚህ የታሰበው። ቫይታሚን አይደለም፤ የሚጠቅመውም እስከተቀቡት ድረስ ነው።

ታዲያ ክኒኑ እንዴት ገበያውን ያዘ? በ1989 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚሸጡ ቅባቶች ፀጉር ያበቅላሉ ተብለው እንዳይሸጡ ከለከለ። በዝርዝሩ ውስጥ ባዮቲንም ቫይታሚን ሲም በስማቸው ተጠቅሰዋል። በ1994 ግን ሰፕልመንት የሚባሉት የሚዋጡ ማሟያዎች ወደ ገበያ ከመውጣታቸው በፊት ጥቅማቸውን ማስመስከር እንደማያስፈልጋቸው የሚያሳይ ሕግ ወጣ። ባዮቲን ሲቀባ ፀጉር ያበቅላል ማለት ክልክል ሆነ፤ ሲዋጥ ግን “ለፀጉር ጤና” ብሎ መሸጥ ተቻለ። ይህን ስናነብ ሳቅን፤ ያወጣነውን ብር ስናስታውስ ግን ሳቁ አልዘለቀም።

ጉዳትም አለው። በ2008 እዚያው አሜሪካ አንድ ፈሳሽ ማሟያ ውስጥ ሲሊኒየም የተባለው ማዕድን ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው 200 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። 201 ሰዎች ታመሙ፤ ከብዙዎቹ ምልክቶች አንዱ የፀጉር መርገፍ ነበር። ቫይታሚን ኤም ከመጠን ሲያልፍ ፀጉር ያረግፋል። ባዮቲንን በተመለከተ ያው አስተዳደር በ2017 ብዙ መጠን የሚወስዱ ሰዎች የደም ምርመራ ውጤት ሊሳሳት እንደሚችል አስጠነቀቀ፤ ድንገተኛ የልብ ሕመምን (ሃርት አታክን) የሚያሳየው ምርመራ ሳይቀር። ስለዚህ ደም ልትሰጡ ስትሄዱ ክኒን እንደምትወስዱ ለባለሙያው ንገሩ።

“እኔ ግን ውጬው በቅሎልኛል” የምትሉን አላችሁ፤ እናምናችኋለን። ከወሊድ በኋላ የሚረግፈው ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ በራሱ ይመለሳል፤ በዚያ ወቅት ክኒን የጀመረች ምስጋናውን ለክኒኑ ትሰጣለች። ጠብቆ የተሠራ ሹሩባም ግንባርን ይመልጣል፤ በጊዜ ከተፈታ ያገግማል። በአይረን ማነስ ወይም በታይሮይድ ዕጢ ችግር የሚረግፈው ደግሞ መንስኤው ሲታከም ይሻላል። በአንድ ራስ ላይ ሁለት ዓይነት መርገፍ ሊኖርም ይችላል።

የእናታችን እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ሁለታችን ይዘናቸው ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ደማቸው ሲታይ አይረን አንሷቸዋል። አይረን ታዘዘላቸው፤ በዚህ ዕድሜ ለምን እንዳነሳቸው ለማወቅም ወደ ሆስፒታል ተላኩ፤ እሱን እየተከታተሉ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ማበጠሪያው ላይ የሚቀረው ፀጉር ቀንሷል። አናታቸው ላይ የሳሳው ግን እንደ እናታቸውና እንደ አክስታቸው እንደሳሳ ነው። ባለ ጠርሙሷ እህታችን ደግሞ ለልጇ ደውላ ሌላ እንዳትልክ ነግራታለች፤ የቀረውን ግን፣ ገንዘብ የወጣበት ነው ብላ፣ ውጣ ጨርሳዋለች።