የሳቅ ማኅደር፦ የአንዲት ኮሜዲያን ሥራ እንደ ታሪክ ምንጭ



ለዛሬው ገለጻ የመረጥሁት ማስረጃ በ2010 ለዕይታ የበቃው «ጆአን ሪቨርስ፦ ኤ ፒስ ኦቭ ወርክ» የተሰኘው አሜሪካዊ ዘጋቢ ፊልም ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ዳይሬክተሮቹ ሪኪ ስተርንና አኒ ሰንድበርግ፣ በ75 ዓመቷም ከመድረክ ያልወረደችውን ኮሜዲያን ከአንድ ዓመት በላይ ተከታትለዋል። የምከራከርበት ነጥብ አንድ ነው፦ የቀልደኛ ሰው ታሪክ በዋነኛነት የሥራ ታሪክ ሆኖ ሊጻፍ ይገባዋል።

ሪቨርስ በ1933 ብሩክሊን ተወለደች። በየምሽት ክበቡ ከደከመች በኋላ በፌብሩዋሪ 1965 በጆኒ ካርሰን «ዘ ቱናይት ሾው» ቀርባ ታወቀች፤ በ1983ም የፕሮግራሙ ቋሚ ተተኪ አቅራቢ ሆነች። በ1986 አዲስ በተቋቋመው የፎክስ ቴሌቪዥን የራሷን የምሽት ፕሮግራም ስትጀምር ካርሰን ተቀየማት፤ ዳግመኛም አላነጋገራትም። በ1987 ከፎክስ ተሰናበተች፤ በዚያው ዓመት የፕሮግራሙ ፕሮዲዩሰር የነበረው ባሏ ኤድጋር ሮዘንበርግ ራሱን አጠፋ። «ዘ ቱናይት ሾው» በሩን ዳግመኛ የከፈተላት በ2014፣ በሞተችበት ዓመት ነው።

ይህን የሕይወት ታሪክ ከጋዜጦች ማግኘት ይቻላል። ችግሩ የሚጀምረው ሥራዋን ልናጠና ስንነሣ ነው። ፕሮግራሙ እስከ 1972 በኒውዮርክ ሲዘጋጅ የተቀረጹት አብዛኞቹ የቪዲዮ ቴፖች ተደምስሰዋል። ክበብ ውስጥ የተነገረ ቀልድማ ብዙውን ጊዜ የሚቀዳው አልነበረም። ታዲያ የታሪክ ተመራማሪ በምን ይጽፋል?

ፊልሙ መልሱን ከቤቷ ያወጣዋል። ሪቨርስ ለዘመናት የሰበሰበቻቸውን ቀልዶች በካርድ ላይ በታይፕ አስጽፋ፣ በየርእሳቸው በፊደል ተራ ከፍላ፣ በመሳቢያዎች አኑራቸዋለች። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምናውቀው የካታሎግ ካቢኔት ነው። ከ65,000 በላይ ቀልዶች የያዘው ይህ ስብስብ ዛሬ በኒውዮርክ ግዛት፣ ጄምስታውን ከተማ ለሚገኘው ብሔራዊ የኮሜዲ ማዕከል ተሰጥቷል። በቅጽበት የመጣላት የሚመስለው ቀልድ የተጻፈ፣ የተመደበና የተቀመጠ እንደ ነበር ካርዶቹ ይመሰክራሉ።

ሁለተኛው ማስረጃ አጀንዳዋ ነው። ሪቨርስ ቀጠሮ ያልሰፈረበትን ነጭ ገጽ ለካሜራው ገልጣ፣ ፍርሃት ማለት ይህ ነው ትላለች። አንጋፋነት ለኮሜዲያን ጡረታ አያስገኝም፤ የነገው ገቢ በነገው ቀጠሮ ላይ ይንጠለጠላል።

ሦስተኛው በዊስኮንሲን የታየው ክስተት ነው። ሪቨርስ በሄለን ኬለር ላይ ስትቀልድ፣ መስማት የተሳነው ልጅ ያለው አንድ ተመልካች ይህ አያስቅም ብሎ ጮኸባት። እርሷም እናቷ መስማት የተሳናት እንደ ነበረች ጠቅሳ በቁጣ መለሰችለት፤ ቀልድ መከራን መሻገሪያ ነው ስትልም ተሟገተች። ከመድረክ ወርዳ ግን ለሰውየው አዘነች። አዘጋጆቹ ይህን ትዕይንት ማስቀረታቸው ፊልሙን ያከብረዋል፤ የሳቅን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ ሳይዘጋ ትቶልናልና።

ይሁን እንጂ ምንጩን እንመርምር። ባለታሪኳ ካሜራውን ፈቅዳ አስገብታለች፤ ካሜራ ፊት መሆንም ዕድሜ ልክ የኖረችበት ሙያ ነው። የቀረጻው ዘመን በ2009 «ሴሌብሪቲ አፕሬንቲስ» የተባለውን ውድድር ካሸነፈችበት ወቅት ጋር ስለ ገጠመ፣ ታሪኩ ከውድቀት ወደ ትንሣኤ የሚወጣ መስመር ይዟል። ያ መስመር የአርትዖት ውጤት ነው። ካርዱና አጀንዳው የሚናገሩት ሌላ ነው፦ በዝናም ሆነ በውድቀት ዘመን ያልተቋረጠ የዕለት ተዕለት ድካም።

በእኛም አገር ቀልድ በካሴት ይሸጥ የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ካሴቱ ይላላል፣ ደብተሩም ከቤት ዕቃ ጋር ይጣላል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች የአንጋፋ ኮሜዲያንን ረቂቅ፣ የትርዒት ማስታወቂያና የውል ወረቀት ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ ጠይቁ። የሳቃችን ታሪክ ያለ እነዚህ ሰነዶች ሊጻፍ አይችልም።