ልጅ ፍለጋና የተጻፈ ቃል

ግንቦት 1 ቀን በእኛ ሰፈር፣ በልደታ፣ ንፍሮ የማይቀቀልበት ግቢ ማግኘት ይከብዳል። ጎረቤት ከደጅ ወጥቶ አብሮ ይቆረጥማል፣ ይመራረቃል። በዓሉ የእመቤታችን የማርያም ልደት ነው። ወላጆቿ ኢያቄምና ሐና ልጅ አጥተው ብዙ ዘመን ያዘኑ ሰዎች እንደነበሩ ሁላችንም እየሰማን አድገናል። እንግዲህ የክፍለ ከተማችን ስም ራሱ ብዙ ከተጠበቀች ልጅ ልደት የመጣ ነው።

ባለፈው ዓመት በዚያው ቀን አንዲት እናት «ለከርሞ ልጅ ታቅፈሽ ያሳየን» ብለው መረቁኝ። «አሜን» አልኩ። ትዳር ከያዝኩ 7 ዓመቴ ነው። ሁለታችንም ተመርምረን እኔ ደህና መሆኔ፣ በባለቤቴ በኩል ግን ዘር አለመታየቱ ተነግሮናል። ይህን የሰማ አንድ ዘመድ «ጤነኛ ሰው አለ፣ ዘሩን ይሰጣችኋል፣ ማንም አያውቅም» የሚል ሐሳብ አመጣልን። ለብዙ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ከዚያ በሂሳብ ሠራተኛ ልማዴ ወደ ኋላ ሄጄ የነገሩን ታሪክ ማገላበጥ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ለእናንተ ለእህቶቼና ለማኅበራችን ደጋፊዎች ላካፍል። ባለቤቴ ይህን ጽሑፍ አንብቦ እንዲወጣ ተስማምቷል።

ልጅ ሲጠፋ ጣት የሚቀሰረው ወደ ሴቷ ነው። አዲስ አበባን የቆረቆሩት እቴጌ ጣይቱ ከአፄ ምኒልክ ልጅ አልወለዱም። ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች እናቶች ልጆች ስለነበሯቸው አልጋው ለልጃቸው ልጅ ለልጅ ኢያሱ ታጨ። እንዲህ ያለው ታሪክ «መካንነት የሴት ነው» የሚለውን ወሬ አጠንክሮታል። ሕክምናው የሚለው ግን ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች 1 በሕይወት ዘመኑ የመውለድ ችግር ይገጥመዋል። ከጥንዶቹ በግማሽ ያህሉ ደግሞ የወንዱ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደምሮ ይገኛል። ስለዚህ ሴቷ ብቻዋን ከጠበል ጠበል፣ ከሐኪም ሐኪም መንከራተቷ ግማሹን መዝገብ ሳይከፍቱ ሂሳብ እንደ መዝጋት ነው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ለዚህ ችግር መላ አላጡም ነበር። በኦሮሞ ባህል ጉዲፈቻ አለ፤ ልጁ በዘመድና በሽማግሌ ፊት የአዲሶቹ ወላጆች ልጅ ይሆናል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል «የጡት ልጅ» የሚባል ወግ ነበር። ማር የተቀባ ጣት ወይም ጡት በመጥባት ዝምድና ይታሰራል። ሁለቱም ወጎች የሚጋሩት አንድ ነገር ገረመኝ፦ ምስክር አላቸው። ልጁ የማን እንደሆነ አገር ያውቃል።

የሌላ ሰው ዘር ወስዶ መፀነስ ግን ከመነሻው በምስጢር የተጠቀለለ ነው። በመዝገብ የሚታወቀው ቀደምት ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1884 በአሜሪካ፣ በፊላደልፊያ ከተማ የሆነው ነው። አንድ የሕክምና መምህር ባሏ ማስወለድ ያልቻለን ሴት በማደንዘዣ አስተኝቶ የአንድ ተማሪውን ዘር በማኅፀኗ አስገባ። ሴትዮዋ ወንድ ልጅ ወለደች። ለባልየው በኋላ ተነገረው፤ እሷ ግን እንዲነገራት አልተደረገም። ነገሩ በአደባባይ የወጣው ከ25 ዓመት በኋላ፣ በቦታው ከነበሩት ተማሪዎች አንዱ ለሕክምና መጽሔት ሲጽፍ ነው። ይህን ሳነብ አለቀስኩ። በገዛ አካሏ የሆነውን ሰው ሁሉ ሲያውቅ እሷ አላወቀችም።

የአገራችንን ሕግ ስመለከት ደግሞ ያልጠበቅሁትን አገኘሁ። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሰው ሠራሽ መፀነስ አንቀጽ ነበረው። ባል በዚህ መንገድ እንዲፀነስ መስማማቱ በጽሑፉ ከተረጋገጠ በኋላ ተነሥቶ ልጁን ሊክድ አይችልም የሚል ነው። የሕጉ የቤተሰብ ክፍል በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ በአዲስ አበባ ስለተተካ ዛሬ በዚያ አሮጌ አንቀጽ ተማምኖ መግባት አይገባም። አዲሱ ሕግም በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው ብሎ ይነሣል፤ የመካድ ክስ ግን አለ። ቢሆንም የ1952ቱ ሐሳብ ለሂሳብ ሠራተኛ ጆሮ ግልጽ ነው። በአፍ የተባለ ይረሳል፣ ይካዳል፤ የተፈረመበት ግን ልጁን ይጠብቀዋል።

ሌላው ጉዳይ የደም ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ከአውስትራሊያ የወጣ የሕክምና ጽሑፍ ከአንድ ለጋሽ ዘር ከወሰዱ 8 ሴቶች 4ቱ በኤችአይቪ መያዛቸውን አስታወቀ። ለጋሹ ምንም የሕመም ምልክት አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ የዘር ባንኮች ዘሩን አቀዝቅዘው ለ6 ወር ያህል ያቆያሉ፣ ለጋሹን ዳግመኛ ይመረምራሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚሰጡት። በጓዳ የሚደረግ ስምምነት ይህን ማጣሪያ ይዘለዋል። «ጤነኛ ሰው ነው» ማለት ምርመራ አይደለም።

ስለ ልጁም ማሰብ አለብን። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1985 ሥራ ላይ በዋለ ሕግ በዚህ መንገድ የተወለደ ልጅ ሲያድግ ለጋሹ ማን እንደሆነ የማወቅ መብት ሰጠችው። ሰባት ትውልድ በምንቆጥርበት፣ ዘመዳሞች እንዳይጋቡ በምንጠነቀቅበት አገር የልጁ ጥያቄ ከስዊድኖቹ ይልቅ ለእኛ ይከብዳል።

ለእኛ ብዙ ያልተነገረ ተስፋም አለ። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. የመካንነት ሕክምና ማዕከል ተከፍቷል፤ ጽንስን ከማኅፀን ውጭ የማዘጋጀት ሕክምና በመንግሥት ሆስፒታል ማግኘት ተችሏል። ደግሞም በምርመራ ዘር አልታየም ማለት ሁልጊዜ ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ከወንዱ የዘር ፍሬ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ሊገኝ ይችላል። ይህን መጀመሪያ ማን ነገረን? ማንም። የተነገረን «ሰው አለ» የሚለው ብቻ ነው።

ለዘመዳችን ሦስት ጥያቄ ላክን። ሰውየው ይመረመራል ወይ? ሁላችንም ሕግ አዋቂ ፊት ቀርበን እንፈርማለን ወይ? ልጁ አድጎ ቢጠይቅ እውነቱ ይነገረዋል ወይ? መልሱ «ቃሌ አይበቃም ወይ?» ሆኖ መጣ። ባለቤቴ ወረቀቱን አጥፎ «ይሄ ነገር ለእኛ አይሆንም» አለኝ። ያን ቀን ከሠርጋችን ቀን ይልቅ ወደድኩት። አሁን ለሌላ ምርመራ ቀጠሮ ይዘናል።

የሌላ ሰው ዘር የወሰደችውን ሴት ለመኮነን አልጻፍኩም። ጭንቀቷን አውቀዋለሁ። የምለው አንድ ነው፦ ምስጢር ሴቲቱንም ልጁንም አይጠብቅም። በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባችን አንድ ሐኪምና አንድ የሕግ ባለሙያ ጋብዘን እንድንጠይቅ ሐሳብ አቀርባለሁ። ደጋፊዎቻችንም ለአባላት የምርመራ ወጪ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ቢያግዙን መዝገቡን እኔ በነፃ እይዛለሁ።