300 ፈረስ በእንጅባራ ዝናብ

ስለ መኪና ወሬ ሲነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ፈረስ አለው?» ነው። ስለ ጎማው የሚጠይቅ የለም። ጎማ የሚታወሰው ሲፈነዳ ነው፤ ወይም ቸርኬው ሲያብለጨልጭ። ስለዚህ ጥያቄውን ፈረስ በእውነት ወደሚቆጠርበት አገር፣ ወደ አዊ ልውሰደው። የሰባቱ ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ጥር 23 በዓሉ ሲከበር ያጌጡ ፈረሶች ሜዳውን ይሞሉታል። እዚያ ጉልበት ብርቅ አይደለም። የአካባቢው የመጓጓዣ ታሪክ ሲታይ ግን ከጉልበት ይልቅ የሚቸግረው መሬቱን መቆናጠጥ ነው።

መኪና ኢትዮጵያ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። እንግሊዛዊው ቤንትሌይና ጀርመናዊው ሆልትዝ እየተሽቀዳደሙ ለአፄ ምኒልክ አቀረቡላቸው። ዳንግላ ግን ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የበቅሎ አገር ሆና ቆየች። ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን ጣናንና የዓባይን ሸለቆ ዞሮ ካርታ ያነሳው በበቅሎና በእግር ነው። በ1936 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍም የዚሁ ጉዞ ፍሬ ነው። የአውሮፓ ከተሞች በመኪና በተጨናነቁበት ዘመን የአንድ መንግሥት ቆንስል በበቅሎ ኮቴ ላይ ተማምኖ ይኖር ነበር ማለት ነው። ደግሞም አላፈረም፤ በዚያ ገደል ከበቅሎ የተሻለ «ጎማ» አልተፈጠረማ።

ከዚያ ጣልያን መጣ። መንገድ ሠራ፤ ቃላቱንም ትቶልን ሄደ። ዛሬ እንጅባራ ላይ ጎማ የሚያስጠግን ሰው ሳያውቀው ግማሽ ጣልያንኛ ያወራል። ጎማ ራሱ የጣልያን ቃል ነው፤ ጠጋኙ ጎሚስታ፣ ክብ ብረቱ ቸርኬ፣ መጠባበቂያው ስኮርታ። ጥርሱ ያለቀውን ጎማ «ሊሾ ሆኗል» እንላለን፤ ጣልያኑም ለስላሳ ነገርን «ሊሾ» ነው የሚለው። (የሲሚንቶ ወለላችንም ሊሾ ነው። ወለሉ ላይ ያምራል፤ ጎማ ላይ ግን ይገድላል።) ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ አምስቱ ዓመት ሰነድ ሲፈልጉ ጎሚስታ ቤት ጎራ ቢሉ አይከፋም ባይ ነኝ።

የጉልበትና የመቆናጠጥ ነገር በደንብ የታየው ግን ጣልያን ሊወጣ ሲል ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው ባንዲራ ሰቀሉ። ከዚያ ወደ በላያ ተራራ በጭነት መኪና ለመጓዝ ተሞከረ። ሞተሩ ጉልበት አላነሰውም፤ መሬቱ ነው እምቢ ያለው። ድንጋይ፣ ቁጥቋጦ፣ የደረቀ ወንዝ፤ መኪኖቹ በየቦታው ተቀረቀሩ። የዊንጌት የጌዴዎን ጦር ስንቁን የጫነው ከ10,000 በላይ በሚሆኑ ግመሎች ነበር። ግመል ደግሞ ለአሸዋ የተሠራ ሰፊና ለስላሳ እግር ነው ያለው። የጎጃም ደጋ፣ ድንጋዩና ብርዱ ሲመጣበት አለቀ፤ ከግመሎቹ አብዛኞቹ ሞቱ። እንግዲህ የተሳሳተ ጎማ ማለት ይኼ ነው! ጦሩ ዳገቱን ወጥቶ እንጅባራ ሲደርስ ጣልያን የሠራውን መንገድ አገኘ። የዳንግላው የጣልያን ጦር ወደ ባሕር ዳር ለቆ ሄደ፤ የዊንጌት ሰዎችም በጠላት መንገድ ወደ ቡሬና ደብረ ማርቆስ ወረዱ። ሚያዝያ 27 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ በአልፋ ሮሜዮ መኪና ነበሩ፤ ዊንጌት ግን ከፊት በነጭ ፈረስ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፤ ባለ 300 ፈረሶች። አንድ ጎማ አስፋልቱን የሚነካው በመዳፍ ስፋት ገደማ ብቻ ነው። ሞተራችሁ የሚያመነጨው ሁሉ፣ ፍሬናችሁም ጭምር፣ በአራት መዳፍ ነው የሚያልፈው። ጎማ ሠሪዎች ይህንን ለመረዳት ጊዜ ፈጅቶባቸዋል። ሚሽሊን ወንድማማቾች በ1895 እ.ኤ.አ. በፓሪስ፣ ቦርዶ፣ ፓሪስ ውድድር በአየር የተነፋ ጎማ መኪና ላይ ገጥመው ሲሮጡ የተጓዙትን ያህል ቆመው ጎማ ቀይረዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። መንገድ የሚይዘው ራዲያል ጎማ በ1946 ፓተንት ወጥቶለት ገበያ የዋለው በ1949 ነው።

ከአዲስ አበባ ተነስቶ የዓባይን በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ የሚወጣ፣ ከዚያ የእንጅባራ ዝናብና ጉም የሚጠብቀው መኪና ምን ይጠመድለት? እንደኔ ከሆነ የጌጥ ጎማ አይደለም። ሰፊ ጎማ በደረቅ አስፋልት ይነክሳል፤ ውኃ ላይ ግን የሚገፋው ውኃ ብዙ ስለሆነ ቶሎ ይንሳፈፋል። ጎኑ ስስ የሆነው ጉድጓድ ሲያገኝ ቸርኬውን ያስጎብጣል። ፋብሪካው ካዘዘው መጠን ውስጥ ጎኑ ወፈር ያለውን፣ በእርጥብ መንገድ የተመሰገነውን ምረጡ። አዲስ ጎማ 8 ሚሊሜትር ገደማ ጥልቀት አለው፤ አውሮፓ 1.6 ላይ በሕግ ያስጥላል፤ ለክረምት ግን እዚያ ድረስ መጠበቅ አያዋጣም። የፍጥነት ፊደሉን እዩ፦ ኤች 210፣ ቪ 240፣ ደብሊው 270 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ገንዘብ ለሁለት ብቻ ከበቃ አዲሶቹን ከኋላ አስገጥሙ፤ ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል። የኋላው ሲያመልጥ መሪ አይመልሰውም። አየሩ የጎደለ ጎማ ደግሞ ይግላል፤ በረሃው ከመውረዳችሁ በፊት አስለኩት።

ጎኑ ላይ አራት ቁጥሮች አሉ። 2319 ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሻጩ «አዲስ ነው» ሲላችሁ ጎንበስ ብላችሁ አንብቡ፤ ጎማ መደርደሪያ ላይም ያረጃል።

ጎማ በአገራችን መሠራት የጀመረው አዲስ ጎማ ፋብሪካ በ1972 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ነው፤ በ2004 ከስሎቫኪያው ማታዶር ጋር ተጣምሮ ነበር፤ በኋላ ሆራይዘን ተባለ። ሊሾ የሆነው ጎማ መጨረሻው ግን ከፋብሪካ በፊትም በኋላም አንድ ነው፦ ተቆርጦ በረባሶ ይሆናል። ቤተልሔም ጥላሁን ይህንኑ ጫማ መነሻ አድርጋ ሶል ሬብልስን መሥርታ ለዓለም ሸጠችው። በገበያ ቀን የበረባሶውን ሶል ብታዩ አንዳንዴ የጎማው ጥርስ ገና አለ፤ ለጭቃ ይበቃል።