ስለ መርከብ ደቀል መቆሚያ



የሣር ቤት ምሰሶ እግሩ ሲበሰብስ ጣራው እንደሚያዘነብል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የሸራ መርከብም ምሰሶ አለው፤ ስሙ ደቀል ይባላል። በመርከቡ ሆድ ውስጥ በተጋደመ ወፍራም እንጨት ላይ ጉድጓድ ይፈለፈልና የደቀሉ እግር በዚያ ይተከላል። የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ መቆሚያ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ፣ ብላክፍራያርስ በተባለው ሰፈር፣ በቴምዝ ወንዝ ጭቃ ውስጥ ከሮማውያን ዘመን የቀረ መርከብ ተገኘ። የጥንታዊ ቅርስ ተመራማሪው ፒተር ማርስደን መረመሩት። መርከቡ ከኬንት አገር የመጣ የሕንፃ ድንጋይ እንደ ጫነ የሰጠመ ነበር። በደቀሉ መቆሚያ ጉድጓድ ውስጥም አንዲት የነሐስ ሳንቲም ተቀምጣ ተገኘች። በአንድ ፊቷ የንጉሠ ነገሥቱ የዶሚቲያን መልክ አለ፤ በሁለተኛው ሮማውያን የዕድል አምላክ ብለው ያመልኳት የነበረችው ፎርቱና የመርከብ መሪ ይዛ ቆማለች። ሳንቲሟ በ88 ወይም በ89 ዓ.ም. የተመታች ስትሆን፣ መርከቡ የተሠራው ግን በ2ኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ ገደማ ነው። እንግዲህ ያን ጊዜ አርጅታ ነበር፤ ሠሪዎቹ የመረጧት ስለ ሥዕሏ ይመስለናል። ከደቀል በታች ሳንቲም የማኖር ልማድ ዛሬም አልጠፋም።

ይሁን እንጂ ፎርቱና ዝናብን አትከለክልም። ዝናቡ በደቀሉ ላይ እየወረደ በጉድጓዱ ይጠራቀማል፤ የባሕር ጨው መበስበስን ሲያዘገይ የዝናብ ውሃ ግን እንጨቱን ያበሰብሰዋል። መቆሚያው ሲሰምጥ ደቀሉ አብሮ ይወርዳል፤ ከጎንና ከጎን ወጥረው የያዙትም ገመዶች ይላላሉ። ብዙ ባለ መርከብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ገመዱ ላላ ብሎ ያጠብቀዋል፤ የተወጠረ ገመድ ግን ደቀሉን ወደ ታች ይጫነዋልና የደከመው እንጨት ይብስበታል። እያጠበቀ በሄደ ቁጥር የደቀሉ እግር የመርከቡን ሆድ ይገፋል፤ ጣውላዎቹ ተላቀው ውሃ ይገባል፤ ያን ጊዜ የሚያሰጋው ለነፍስ ነው።

ብልህ አናጢ አስቀድሞ ገመዱን ያላላል፤ ደቀሉንም ይነቅላል፣ ወይም በክሪክ ከፍ አድርጎ ይደግፈዋል። እንጨቱን በወስፌ ይወጋል፤ ወስፌው ያለ ችግር የገባበትን ሁሉ እስከ ጤነኛው ድረስ ቆርጦ ያወጣል። አዲሱን ጠንካራ እንጨት በአንድ የጎን አጥንት ላይ ብቻ አያሳርፈውም፤ በብዙዎቹ ላይ አጋድሞ ሸክሙን ያካፍላቸዋል። በጉድጓዱ ሥርም የውሃ መውጫ ይበሳል፤ ይህች ትንሽ ቀዳዳ ከተረሳች ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ደቀሉ ከተተከለ በኋላ ገመዱን ቀስ በቀስ ይወጥራል፤ አዲሱ እንጨት ሸክሙን ለምዶ እስኪረጋም ድረስ እየተመላለሰ ያየዋል።